ስሟ ተመልሷል፣ እሷስ?

ፊያት በ2023 እ.ኤ.አ. «600»ን የኤሌክትሪክ መኪና አድርጎ ሲያመጣት፣ ስሟን ሳይ ልቤ ዘለለ። አዲስ አበባ ላደግን ሰዎች ሴይቼንቶ (በጣሊያንኛ «ስድስት መቶ») ማለት ሰማያዊና ነጭ የተቀባች፣ ጉልበታችን ደረታችንን እስኪነካ ተጣብበን እንሳፈርባት የነበረች ታክሲ ናት። ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣዋ ከፊት! ልጅ ሆኜ ይህ በጣም ያስደንቀኝ ነበር።

ከዚያ መጠኗን አየሁ። ዳንቴ ጃኮሳ የነደፋትና በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣችው የጥንቷ ርዝመቷ 3.2 ሜትር ገደማ ነበር፤ የአሁኗ 4.17 ሜትር ናት። ስሙም የወጣው ከጥንቷ ሞተር ነው፦ 633 ሲሲ። አዲሷ 54 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አላት እንጂ ሲሲ የሚባል ነገር የላትም።

የድሮ ስም መመለሱን አልጠላም። ሬኖ 5ን ተመልከቱ፤ በ1972 እ.ኤ.አ. የተወለደችው መኪና በኤሌክትሪክ ስትመለስ ከ4 ሜትር በታች ሆና፣ መልኳንም ይዛ ነው የመጣችው። የማን ልጅ እንደሆነች መጠየቅ አያስፈልግም። የሴይቼንቶ ክብር ግን ትንሽነቷና ርካሽነቷ ነበር። መኪና አገኛለሁ ብሎ የማያስብ ሰው ባለመኪና የሆነው በእሷ ነው። ይህ ከሌለ ስሙ ባዶ ነው።

አገራችን በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች። የሚያስፈልገን ትንሽ፣ ርካሽ፣ የሰፈር ጋራዥ የሚጠግናት የኤሌክትሪክ መኪና ናት። ያቺ የመጣች ቀን፣ ማንም ይሥራት ማን፣ ሴይቼንቶ ብለን እንጥራት።