ስኳሩ ስንት ማንኪያ ይሁን?

በአገራችን «ወፍረሻል» ማለት ስድብ አልነበረም። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተገናኙ ዘመዳሞች ተሳስመው ሲያበቁ «ተስማምቶሻል፣ ወፈር ብለሻል» ይባባሉ ነበር፤ የተባለችውም ደስ ይላት ነበር። ዛሬ ግን በተለይ በከተማ የምንኖር ሴቶች ይህን ቃል ስንሰማ እጃችን ወደ ወገባችን ይሄዳል። የመጀመሪያው ውሳኔያችንም «ከእንግዲህ ጣፋጭ የሚባል ነገር በአፌ አይዞርም» የሚል ይሆናል። ውሳኔው ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይጸናል።

ለዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ጣፋጭ የምትወድ ሴት ጣፋጩን ጨርሳ ሳትተው ክብደቷን መጠበቅ ትችላለች ብዬ አምናለሁ። በበኩሌ ኬክ እወዳለሁ፤ ለመተውም ሐሳብ የለኝም። ይሁን እንጂ ስኳሩ በየትኛው በር ወደ ቤታችን እንደሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። በብዙዎቻችን ቤት ዋናው በር ሻይ ነው።

ነገሩን ከልቤ እንዳስብበት ያደረገኝ የእናቴ ሕመም ነው። እናቴ የስኳር በሽታ እንዳለባት ከታወቀ 12 ዓመት ሆኗል። ኢንሱሊኗን በሰዓቱ ትወጋለች፣ ቀጠሮዋንም አታጓድልም። «ስኳር ትቻለሁ» ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ሻይዋን ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው። ከሻዩ ጋር ግን ሁለት ወፋፍራም ቁራሽ ዳቦ ማር ቀብታ ትበላለች። «እማዬ፣ ማርም እኮ ስኳር ነው» ስላት «አንቺ ልጅ፣ ማር መድኃኒት ነው! ንብ የሠራችውን ከፋብሪካ ጋር ታስተካክያለሽ?» ብላ ትቆጣኛለች።

በእኔ አስተያየት «የስኳር በሽታ» የሚለው ስም ራሱ ሰውን ያሳስታል። በሽታው ስኳር ከመብላት ብቻ የሚመጣ፣ ስኳር በመተው ብቻ የሚድን ይመስለናል። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ግን በአዋቂዎች ላይ የሚበዛው ዓይነት የሚመጣው ሰውነት ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር በሚገባ ሊጠቀምበት ሳይችል ሲቀር ነው። የዘር ሐረግ፣ በሆድ ዙሪያ የሚከማች ስብና የእንቅስቃሴ ማነስ ለዚህ አስተዋጽኦ ያደርጋሉ። እንጀራውም፣ ዳቦውም፣ ድንቹም ከተፈጨ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባው ስኳር ሆኖ ነው። በአንጻሩ ደግሞ ኢንሱሊን የምትወጋ ሴት የደሟ ስኳር ድንገት ሲወርድባት ፈጥኖ የሚያተርፋት ከረሜላ ወይም በስኳር የተበጠበጠ ውኃ ነው። ስለዚህም ከእናቴ ቦርሳ ከረሜላ አይታጣም። የእርሷ ልጅ ስለሆንሁ እኔም ወገቤን በቸልታ ልመለከተው አይገባኝም።

እንዲያው ለመሆኑ ከስኳር ጋር እንዲህ የተወዳጀነው ከመቼ ጀምሮ ነው? አያቶቻችን የሚያውቁት ጣፋጭ ማር ነበር፤ እርሱም ለጠጅና ለብርዝ፣ ለበዓልና ለበሽተኛ ነው። በገጠር ቡናውን በጨው የሚጠጣ ሰው ዛሬም አለ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ አንድ የሰው ዕድሜ እንኳ አይሞላም። በ1970ዎቹ እኔ ልጅ ሳለሁ በልደታ አካባቢ ስኳር የሚታደለው በቀበሌ ሱቅ በራሽን ነበር። የጨርቅ ከረጢት ይዘን እንሰለፋለን፤ የተሰጠንን እናቴ ከቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ታስቀምጠዋለች። ለእኛ ለልጆች አንዳንድ ማንኪያ ትለካልናለች። እንግዳ ሲመጣ ግን ማንም ሳይጠይቃት ሦስት ማንኪያ ቆልላ ትጨምራለች። ለእንግዳ ስኳር መቆጠብ ነውር ነበርና።

ራሽኑ ቀረ፤ ሦስቱ ማንኪያ ግን አልቀረም። በምንሄድበት ቤት ሁሉ ሻዩ ጣፍጦ፣ ተማስሎ ነው የሚቀርብልን። አሁን ለእንግዳ ብቻ ሳይሆን ለራሳችንም ሦስት እናደርጋለን።

እስቲ የአንዲትን ሠራተኛ ሴት ቀን እንቁጠር። አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። ጠዋት ከቤት ስትወጣ በሻይ ሦስት ማንኪያ፣ በ4 ሰዓት መሥሪያ ቤት በሻይ ሦስት፣ ከምሳ በኋላ በቡና ሁለት፣ በ10 ሰዓት በማኪያቶ ሁለት፣ ማታ ከልጆቿ ጋር በሻይ ሦስት፤ በድምሩ 13 ማንኪያ ይሆናል። ይህም 52 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ በቀን 2000 ካሎሪ የሚበቃው ሰው በምግብና በመጠጥ የሚጨመር ስኳር ከ50 ግራም እንዳይበልጥበት፣ ከ25 ግራም በታች ቢሆንለት ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ማርና የፍራፍሬ ጭማቂም ይቆጠራሉ። (ይህን ለእናቴ አንብቤላታለሁ፤ «እነርሱ የእኛን ማር የት ያውቁታል» ነው ያለችኝ።)

እንግዲህ ያቺ ሴት ኬክ በዓይኗም ሳታይ ልኩን አልፋለች። በምሳ ላይ አንድ ለስላሳ ከጠጣች ደግሞ ሌላ ነው። 300 ሚሊ ሊትር በምትይዘው ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ፣ ማለትም ስምንት ማንኪያ ያህል ስኳር አለ። ስምንት ማንኪያ ስኳር በሻይ ብርጭቆ ውስጥ ቢጨመርላት ትጮህ ነበር፤ ቀዝቅዞ ሲቀርብ ግን አይታወቃትም። ከልደታ ቀጥሎ ያለው የቀላል ባቡር ፌርማታ ስሙ «ኮካ ኮላ» መሆኑን የምታውቁ ትስቁ ይሆናል።

የጭማቂ ቤቱም ነገር መታሰብ አለበት። «እኔ ጁስ ነው የምጠጣው፣ ለጤና» የሚሉ እኅቶች አሉ። ስፕሪሱ ውስጥ ያለው ማንጎና ፓፓያ ተቆርጦ በሳሕን ቢቀርብ እየታኘክ ያጠግብ ነበር፤ በአንድ ረጅም ብርጭቆ ከስኳርና ከቪምቶ ጋር ሲወርድ ግን መንገድ ላይ ምንም የሚያቆመው የለም። ቢያንስ «ስኳር አይጨመርበት» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። በጾም ወራት ደግሞ ፓስቲና ቦምቦሊኖ ሥጋም ቅቤም የለባቸውምና ምንም እንደማያደርጉ ተቆጥረው ለቁርስም ለመክሰስም ይበላሉ። ዘይት ግን በግራም 9 ካሎሪ ነው፤ ከስኳር እጥፍ በላይ ማለት ነው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለልጇ ሠርግ ያሰፋችውን የሐበሻ ቀሚስ ለመልበስ ስትል ጣፋጭ በሙሉ ትታ ነበር። ቁርስም ትታ ነበር፤ ምሳም ሰላጣ ብቻ። በ10 ሰዓት ግን ረኀቡ ሲያጥወለውላት ከመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ከሚሸጠው ቦምቦሊኖ አራት ገዝታ፣ በመስኮቱ በኩል ፊቷን አዙራ ትበላለች። ያሳዘነኝ መብላቷ አይደለም፤ ሳታጣጥመው፣ እንደ ሌባ ተሸሽጋ መብላቷ ነው። ቁርስ በልታ፣ ምሳዋን ሽሮም ይሁን ምስር በልኩ በልታ ቢሆን ኖሮ አንዱ ቦምቦሊኖ ያረካት ነበር። በባዶ ሆድ ጣፋጭ ፊት መቆም ለማንም አይሆንም። ስለ ማቅጠኛ ሻዮችና እንክብሎች ዛሬ አላነሣም፤ ገንዘባችሁን አትስጡ ከማለት በቀር።

ታዲያ እኔ የማደርገው ይህን ነው። ከላይ ከቆጠርናቸው 13 ማንኪያዎች ከሦስቱ ሻይ አንዳንድ፣ ከቡናውና ከማኪያቶውም አንዳንድ ቀነስሁ። በቀን አምስት ማንኪያ፣ ማለትም 20 ግራም ቀረልኝ፤ ይህም 80 ካሎሪ ነው። በሳምንት 560 ካሎሪ ይሆናል። አንድ ቁራሽ ክሬም ኬክ እንደ መጠኑ ከ300 እስከ 400 ካሎሪ ቢኖረው ነው። የቅዳሜ ኬኬ ተከፍሎ ተረፈ ማለት ነው! በዓመት ሲታሰብ ደግሞ ከአንድ ሰው ብቻ ከ7 ኪሎ በላይ ስኳር ይቀራል፤ ለጤናም ባይሆን ለኪስ የሚበጅ ነው።

በአንድ ጊዜ ከሦስት ወደ ዜሮ መውረድን አልመክርም፤ ቤተሰቡ ያኮርፋል። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሳችሁ ብትሄዱ ምላስ ይለምዳል። ሻዩ ሲፈላ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል በዛ አድርጎ መጨመር በጣም ይረዳል፤ ሽታው ራሱ ያጣፍጠዋል። ስኳሩን በማንቆርቆሪያው ውስጥ አስቀድሞ ማፍላት ግን ለማንም መምረጫ አይተውም። በእኛ ቤት ስኳሩ ለብቻው በማንኪያው ይቀርባል፣ ማንኪያውም ትንሿ ናት።

ኬኩን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከልጄ ጋር ነው የምበላው። ከልደታ እስከ ሜክሲኮ በእግራችን እንሄዳለን፤ ቁጭ ብለን፣ ቀስ ብለን፣ ክሬም ያለበትን መርጠን እንበላለን፤ ከእርሱ ጋር የምንጠጣው ውኃ ወይም ያለ ስኳር ሻይ ነው። በቤት ውስጥ ግን ኬክ ገዝቼ አላስቀምጥም። ማታ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ማን እንደምትቆም አውቃለሁና።

አስቸጋሪው የእንግዳው ጉዳይ ነው። ግንቦት 1 ቀን ልደታን ጎረቤት ተሰብስቦ ሲያከብር ንፍሮውና ቂጣው ሲበላ ስኳር የሚናፍቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ሆኖም አሁን አሁን የለስላሳ ሳጥን ካልተደረደረ ድግስ ያልተደገሰ ይመስላል፤ ውኃ ያቀረበችም ትታማለች። ሻይ ስናቀርብም «ስንት ማንኪያ ይሁን?» ብሎ መጠየቅ እንደ ስስት ይቆጠራል።

እኔ ግን መጠየቅ ጀምሬአለሁ። ባለፈው እሑድ አንዲት የእናቴ ባልንጀራ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ሻዩን ቀድቼ «ስኳሩ ስንት ማንኪያ ላድርግልዎ፣ እትዬ?» ስላቸው እናቴ ከተቀመጠችበት ሆና በዓይኗ ቀጣችኝ። እንግዳይቱ ግን ነጠላቸውን አስተካከሉና «አንድ ይበቃኛል ልጄ፤ እኔስ ድሮም አንድ ነው የምወደው። ሰው ቤት ሦስት ሲያደርጉልኝ እንዳይከፋቸው ብዬ እጠጣዋለሁ እንጂ» አሉኝ።