በሬ በሆዱም ይተነፍሳል

ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ 6ኛ ክፍል ሳይንስ ሳስተምር፣ «እነዚህ እንስሳት በምን ይተነፍሳሉ?» የሚል ፈተና አወጣሁ። ዓሣ በስንጥቡ፣ ፌንጣ ጎንና ጎኗ ላይ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ እንቁራሪት በሳንባዋም በቆዳዋም፣ በሬ በሳንባው። አንድ ልጅ የመጨረሻዋ ላይ «በሳንባው፣ በሆዱም» ብሎ ጻፈ። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግኩበት። ያም አልበቃኝ ብሎ ከጎኑ «አስተውል!» አልኩት። ልጁ የአከራዬ ልጅ ነው፤ ማታ ማታ ከብት በረት የሚያስገባ።

እኔ ከተሜ ነኝ። ላም ሆዷ አራት ክፍል እንዳለው በቅደም ተከተል እሸመድዳለሁ፤ በሬ አጠገብ ቆሜ ግን አላውቅም።

መስከረም ነበር፤ ማገጡ ሜዳውን ሐምራዊ አድርጎታል። አንድ አርብ አከራዬና ባለቤታቸው እትዬ ለቅሶ ሩቅ ሄዱ። ሲወጡ እትዬ፣ «መምህር፣ ነገ ጤዛው ሳይረግፍ እንዳይወጡ አደራ። ገለባ ይቅመሱ መጀመሪያ» አሉኝ። ልጁ ማታ በረቱን አስሮ ገባና ሌሊቱን ሲያተኩሰው አደረ። ጠዋት ብቻዬን ቀረሁ። የጤዛውን ነገር «ምች ይመታሃል» ከሚባለው ጋር ደምሬ ናቅኩት። ለምለም ሣር እያለ ገለባ? ሁለቱን በሬዎችና አህያዋን ገና በማለዳ ነድቼ ማገጡ ላይ ለቀቅኳቸው፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጬም መጽሐፌን ገለጥኩ።

በሬ ከላይ የፊት ጥርስ የለውም። በምላሱ ጠቅልሎ ይነጭና እምብዛም ሳያላምጥ ይሰለቅጣል፤ በደንብ የሚያኝከው በኋላ፣ ተኝቶ ሲያመሰኳ ነው። ከሁለቱ በሬዎች አንዱ፣ ቦራ፣ ግን ለማመስኳት አልደረሰም። ቀና ስል መጋጥ አቁሟል። ግራ ጎኑ፣ ከመጨረሻው ጎድንና ከዳሌው አጥንት መካከል ያለው ጎድጓዳ፣ ሞልቶ ከጀርባው በላይ ወጥቷል። በጣቴ ብመታው እንደ ከበሮ ጮኸ። ምላሱን አውጥቶ፣ ለሃጩን እያዝረከረከ፣ በኋላ እግሩ ሆዱን ይመታል። አህያዋ ያንኑ ማገጥ አጠገቡ ትግጣለች፤ ምንም አልሆነችም።

ጮህኩ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት እየሮጡ መጡ። «የኑግ ዘይት!» አሉ። ዘይቱን ከቤት ይዞ የደረሰው ያ ልጅ ነው፣ ጋቢውን እንደተከናነበ፣ በትኩሳቱ እየተንቀጠቀጠ። ጠርሙሱን ነጠቅኩትና የበሬውን አንገት ሽቅብ አቅንቼ ላፈስ ስል ሽማግሌው እጄን መቱኝ። «ትን ብሎት ሳንባው ይግባ? ዝቅ አድርገው!» በከንፈሩ ጥግ፣ ቀስ በቀስ፣ እሱ እየዋጠ አጠጡት። እንጨት አፉ ውስጥ አግድመው ከቀንዱ ጋር አሰሩለት፤ እሱን ሲያላምጥ ምራቁ ይወርዳል። የፊት እግሮቹን ወደ ዳገቱ አዞሩ። ከዚያ ቢላቸውን መዘዙና አውራ ጣታቸውን ግራ ጎኑ ላይ አሳረፉ።

«በአፉ ካልተነፈሰ በዚህ እናስተነፍሰዋለን።»

ልጁን አየሁት። እሱ በሬውን ያያል።

ስንት ደቂቃ እንደቆምን እንጃ። ብቻ ቦራ አንገቱን ዘረጋና ረጅም ግሳት ለቀቀ፤ የኮመጠጠ ሣር ሽታ ፊቴን መታኝ። ደገመ፣ ሠለሰ። ጎኑ እንደ ጎማ ተነፈሰ። ሽማግሌው ቢላቸውን ሰገባው ከተቱ።

ያን ሰሞን መጽሐፌን እንደ አዲስ አነበብኩ። ትልቁ ከርስ እንደ ጠላ ጋን ነው፤ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ሣሩን እዚያ ሲያብላሉት ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ደህና ቀን ጋዙ ወደ ላይ ተንሳፎ በግሳት ይወጣል። የራበው ከብት እርጥብ ማገጥ ሲሰለቅጥ ግን የተክሉ ፕሮቲን ጋዙን እንደ ሳሙና አረፋ ጠፍሮ ይይዘዋል፤ አረፋ ደግሞ አይገሳም። ዘይቱ ያንን አረፋ ነው የሚሰብረው። ካልተሰበረ ከርሱ ሆድና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ ወደ ፊት ይገፋል፣ ሳንባ መነፊያ ቦታ ያጣል፤ በሬው በበላው ታፍኖ ይሞታል። አህያ ሣሯን የምታብላላው ከጨጓራ አልፎ በትልቁ አንጀቷ ስለሆነ እንዲህ አይገጥማትም።

ያሳፈረኝ ሌላው ነው። ከብት ሲያገሳ ከጋዙ ብዙው በቀጥታ በአፍ አይወጣም፤ መጀመሪያ ወደ ሳንባ ይሳብና ከትንፋሹ ጋር ይወጣል። «በሆዱም»!

ወረቀቱን ፈልጌ ኤክሱን ሰረዝኩና ልጁን በረት ደጃፍ ጠርቼ ሰጠሁት። አየት አደረገና አጠፈው። «ማርኩ ይቅር ቲቸር» አለ፤ «ለአባባ ግን ንገርልኝ።»

እዚህ ላይ እስካሁን የዘለልኩት አለ። አከራዬ ከለቅሶ ሲመለሱ «ከብቶቹ በሌሊት ከበረት አምልጠው ገቡበት» ብያቸው ነበር። በረቱን ያሰረው ልጁ ነው። ቁጣው ሁሉ እሱ ላይ ወረደ፤ እኔም እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ። ዘይቱን ይዞ የመጣው ልጅ ትንፍሽ አላለም።

በዚያው ማታ ገብቼ ነገርኳቸው። አከራዬ እሳቱን እየቆሰቆሱ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ልጃቸውን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት። ብዙ ቆይተው፣ «ጤዛ መርገፉን በምን ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ቅጠሉ ሲደርቅ።»

«ላዩ ቶሎ ይደርቃል፤ ያታልልሃል።» እጃቸውን ወደ ምድጃው ዝቅ አድርገው መዳፋቸውን ገለበጡ። «እንዲህ ከሥሩ ታስገባለህ። እጅህ እርጥብ ከወጣ ትመልሳቸዋለህ።»