ስለ ወዳጅነትና ስለ ቀርከሃ ዘንግ

ማታ ከሥራ ስመለስ የቀርከሃ ዘንግ ለዓሣ ማጥመጃ መሥራት ደስ ይለኛል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1870ዎቹ ዓመቶች በአሜሪካ አገር በባንጎር ከተማ ሂራም ሌናርድ የተባለ ሰው ባለ ስድስት ስንጥር ዘንግ ይሠራ ነበር፤ የእኔም አሠራር ያው ነው። ቀርከሃውን ሰንጥቄ፣ እያንዳንዱን ስንጥር በመላጊያ እየላግሁ 60 ዲግሪ ማዕዘን አስይዘዋለሁ። የምልገው የውስጡን ወገን ብቻ ነው፤ ብርቱው ቃጫ በቅርፊቱ አጠገብ ይገኛልና። ከዚያም ስድስቱን በሙጫ አጣብቄ አንድ ዘንግ አደርጋቸዋለሁ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ እውነት ነው። ቀርከሃው ግን አንድ ምክር ይጨምርበታል። እያንዳንዱ ስንጥር አንጓ አለው፤ ደካማ ቦታውም እርሱ ነው። የስድስቱ አንጓ በአንድ ስፍራ ቢገጥም፣ ዓሣው በሳበ ጊዜ ዘንጉ ከዚያው ሊቀነጠስ ይችላል። ስለዚህ የአንዱ አንጓ በጎረቤቱ ደህና ጎን እንዲደገፍ ስንጥሮቹን ከፍና ዝቅ አድርጌ አሰናዳቸዋለሁ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ የባልንጀራም ነገር እንዲሁ ነው። ቁጡ ከቁጡ፣ አባካኝም ከአባካኝ ጋር ቢወዳጅ፣ ፍቅራቸው ቢጠብቅም በችግር ቀን አብረው ይሰበራሉ። አንጓ የሌለበት ሰው አይገኝምና፣ አንተ በምትደክምበት የሚበረታልህን፣ እርሱም በሚደክምበት የምትበረታለትን ወዳጅ ፈልግ።