እንዝርትና ዳዴ

ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር የሚበልጠው የጓሳ ደጋ ጉም ሲለብስ፣ ከሥሩ ባሉት የመንዝ መንደሮች የእናቶች ሁለተኛው የሥራ ቀን ይጀምራል። እናት ለባና የሚሆነውን የበግ ጠጉር በእንዝርት ስትፈትል፣ ዳዴ ባዩ ልጇ የተነደፈውን አመድ ላይ ይበትናል። የአራት ዓመቷ እኅቱ ብርድ ፈርቶ ከገባ ግልገል ጋር አንድ ደበሎ ትሻማለች። በግ ሲጠብቅ የዋለው ታላቃቸው ከንፈሩን ገልብጦ እንደ ጭላዳ ሲያገጥ ሁሉም ይስቃሉ፤ እናቲቱም ጭምር። ፈትሉ ግን ተበጥሷል።

ገሳውም አልተረፈም። አባቶች እስከ 1967 ዓ.ም. በጸናው የቄሮ ሥርዓት የጓሳን ሣር ለዓመታት ከልክለው እያቆዩ ያጭዱት ነበር፤ ከዚያው ሣር የተሠራውን ገሳ ሕፃኑ በአፍታ ይተረትረዋል። ለሣሩ ዳኛ ነበረው፤ ለዚህኛው ዳኛው ማን ይሆን?

ባናው ለገበያ የሚወጣ ነውና የአንድ ምሽት ፈትል መበላሸት ቀላል ኪሳራ አይደለም። ስለ ሸማኔው ጥበብ ብዙ ተነግሯል። በአንድ እጅ ሕፃን እያባበሉ በሌላው ክር ማርዘም ግን እስከ ዛሬ ከጥበብ አልተቆጠረም፤ ይህም ትልቅ ግድፈት ነው።

አያት እንቆቅልሽ ሲጀምሩ ጫጫታው ይበርዳል። ታላላቆቹ መልሱን ለመንጠቅ ሲሽቀዳደሙ ዳዴ ባዩም አፉን ይከፍታል። እናት ከጠጉሩ ላይ አመዱን አራግፋ የተበጠሰውን ክር በጣቶቿ መካከል ትቀጥላለች።