ከችግኙ በፊት ጉቶው

በአጥቢያችን የወጣቶች ኅብረት በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ችግኝ ይተክላል። ቲሸርት ይታተማል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ፎቶ ይነሣል። መስከረም ላይ ግን በቦታው የሚታየው ፍየል እንጂ ወጣት አይደለም። አምና ከወጣቶቹ አንዱ በስብሰባ መካከል ተነሥቶ፣ «ጋሼ፣ የምንተክለው ለዛፉ ነው ወይስ ለፎቶው?» ሲል ጠየቀኝ። ብዙዎቹ ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሁምቦ ደጋግሜ አጫውቻቸዋለሁ። በወላይታ የሚገኘው የሁምቦ ተራራ በማገዶ፣ በከሰልና በግጦሽ ተራቁቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ወርልድ ቪዥን ኢትዮጵያ ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር 2,728 ሄክታር መሬት መልሶ ማልማት ጀመረ። ታዲያ ሥራው በአብዛኛው ችግኝ መትከል አልነበረም። ዛፎቹ ቢቆረጡም ሥሮቻቸው በመሬት ውስጥ ሕያው ነበሩ። ስለዚህ ከየጉቶው ከሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ጠንካራዎቹን ትተው የቀሩትን ገረዙ፤ ከብትና መጥረቢያ እንዳይደርስባቸውም ጠበቁ። ችግኝ የተተከለው ሕያው ጉቶ በሌለበት ቦታ ነበር። ጉቶ ገና ከተተከለ ችግኝ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚያድግ ባሕር ዛፍ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል!

መጀመሪያ ላይ መሬታችን ሊወሰድብን ነው ብለው የሠጉ ነበሩ። ሥጋቱን ያቃለለው ስብከት ሳይሆን መብት ነው። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በደኑ የመጠቀም ሕጋዊ መብት አገኙ። ሣሩን አጭደው ለከብቶቻቸው ይወስዳሉ፤ የተገረዘው ጭራሮ ማገዶ ይሆናል። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዝግቦ፣ ማኅበራቱ በዓለም ባንክ በሚተዳደር ፈንድ በኩል ከካርቦን ሽያጭ ገንዘብ አግኝተዋል።

ወጣቶቻችንን ሳስብ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይኸው የመብት ነገር ነው። ሥራ ላጣ ልጅ አንድ ጆንያ ከሰል የዕለት እንጀራ ነው። «ዛፍ አትቍረጥ» ማለት ለእኛ ለደመወዝተኞቹ ምን ያስከፍለናል? ከደኑ ድርሻ የሌለውን ልጅ ዘበኛ ሁን ማለት ግን ይከብደኛል።

ዘንድሮ ወጣቶቹ ከችግኙ በፊት ጉቶ ቈጠሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ተዳፋት ላይ 43 የግራርና የወይራ ጉቶ አገኙ። ሣሩን የማጨድ ፈቃድ በጽሑፍ እንዲሰጣቸውም ለቀበሌው አመልክተዋል። መልሱ ገና አልመጣም። ጥበቃውን ግን በተራ ጀምረዋል፤ ቅዳሜ የመዘምራን ልምምድ ስላለ የቅዳሜውን ተራ የሚይዝ ሰው እስካሁን አልተገኘም።