አራት ብር በዜማ

ኅዳር 5
ውርጭ። የጀሪካኑ ውኃ እጅ ይቆርጣል። ጤፉ ደርሷል፤ እህቴ አጫጅ እየፈለገች ነው። ልጇ ረፋድ ድረስ አልተነሳም። ሌሊቱን ከብርድ ልብሱ ሥር ዜማ ሲሰማ ነበር፣ ሳንቲም የሚፈስ ዓይነት። ኳስ የሚያይ መስሎኝ ተውኩት።

ኅዳር 8
ኳስ አይደለም። ስሎት ይሉታል። አምስት ዓምድ፣ በየዓምዱ ሎሚ፣ ደወል፣ ቀይ ሰባት። በአውራ ጣት ሲነኩት ይሽከረከራል፣ ይቆማል። ለአንድ ዙር አሥር ብር ያስይዛል። አጠገቡ ተቀምጬ አየሁ። ሁለት ደወል ወጣ፣ ሦስተኛው ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ። “ለጥቂት!” አለ። በሚቀጥለው ዙር ዜማው መጣ፣ ስክሪኑ ወርቅ በወርቅ ሆነ። “በላሁ ጋሼ!” ስንት? አራት ብር። አሥር አስይዞ አራት።
“ስድስት ብር ተበላህ እኮ” አልኩት።
ዝም አለ። መቀነስ ያቅተዋል አልልም። ታዲያ ለምን ፈገግ አለ?

ኅዳር 12
ሚካኤል። ኅዳር ሲታጠን ከተማው በጭስ ታፈነ፤ ወደ ደጀን የሚወርዱት የጭነት መኪኖች በቀን መብራት አብርተው ነው ያለፉት። እናቴ ብትኖር የ1911ዱን በሽታ ታነሳ ነበር።
ከእህቴ ሣጥን 1,500 ብር ጎድሏል። የአጫጅ ነበር። እሷም ዝም ልትል ነው፣ እኔም ዝም አልኩ። ልክ አልመሰለኝም።

ኅዳር 13
ሳነብ አመሸሁ። ጨዋታውን የሚሠራውና ብሩን የሚቀበለው ለካ አንድ አይደሉም። ሠሪው ጨዋታውን ለአጫዋቹ ድርጅት ያከራይና ከገቢው ድርሻ ይወስዳል። ኔትኤንት የሚባለው የስዊድን ጨዋታ ሠሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ነው የተመሠረተው። በዚያው አቆጣጠር በ2012 ያወጣው ስታርበርስት የሚባል ጨዋታ ካስያዙት ስንት እንደሚመልስ በግልጽ ተጽፏል፤ ከመቶ 96.09። ልጁ የሚጫወተው ይሄን አይደለም፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ጥብቅ ፈቃድ በሚጠየቅባቸው አገሮች ዕጣውን የሚያወጣው ፕሮግራም ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት በገለልተኛ ላቦራቶሪ ይፈተሻል።
እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ልጁ ሌባ ይፈልጋል። “ሲስተሙ ያጭበረብራል፣ ሰዓቱን ካወቅክበት ግን ትበላዋለህ” ይላል። ሰዓት የለውም። አንዱ ዙር ካለፈው ዙር ጋር ዝምድና የለውም። 12ኛ ክፍል ሳንቲም እየወረወርኩ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነገር።

ኅዳር 15
ጾም ገባ። ነፋስ።
ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ። በደቂቃ 20 ዙር። በሰዓት 1,200። በአሥር አሥር ብር 12,000 ብር ይሽከረከራል። ከመቶ 96 ይመልሳል ብንል እንኳ በአማካይ በሰዓት 480 ብር እዚያው ይቀራል። ማንም ሳይሰርቅ። አንዳንድ ሌሊት ልጁ ይበላል፤ ባለፈው 700 በልቶ ለእናቱ ስኳር ገዝቶላታል። ይሄም እውነት ነው፣ ነገሩን የሚያከብደውም እሱ ነው።
የትኛው ምልክት በስንት ዙር እንደሚወጣ፣ ሲወጣም ስንት እንደሚከፍል የሚቀምረው የሒሳብ ሰው ነው። የእኔው ትምህርት። ከፋኝ።

ኅዳር 19
እንግሊዝ አገር፣ በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት 2014 ወዲህ፣ ተጫዋቹ ካስያዘው ያልበለጠ ሲመለስለት ዜማ ማሰማትና ማብለጭለጭ ክልክል ነው። አራት ብሯ እዚያ አትዘፍንም! አንድ ዙር ከ2.5 ሰከንድ ማጠር አይችልም። ራሱን በራሱ የሚያሽከረክረው ቁልፍም ተነሥቷል። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ለአንድ ዙር ከ5 ፓውንድ በላይ ማስያዝ አይቻልም፤ ከ18 እስከ 24 ዓመት ላለ ወጣት ከ2 ፓውንድ በላይ። ሠሪዎቹ አልከሰሩም፤ ዜማውን ቀንሰው እዚያው ይሠራሉ። ስለዚህ ይቻላል ማለት ነው።
እኛ ጋ ለመወራረድ የሚፈቀደው ዕድሜ 21 ነው። የእህቴ ልጅ 19። “ዕድሜህን አልጠየቀህም?” አልኩት። “ጠይቆኛል። 23 አልኩት።”

ኅዳር 21
ጽዮን። ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሙከራው፣ ያለ ብር 50 ዙር አብረን ተጫወትን። እኔ በደብተር ጻፍኩ። 14 ጊዜ ዘፈነ። ከአሥር ብር በላይ የመለሰው 5 ጊዜ ብቻ። ደብተሩን ሰጠሁት። ደጋግሞ አየው። “ዘጠኙ ውሸት ነው?” አለ። ውሸትስ አይደለም፤ ቁጥሩ በትንሹ ተጽፏል። ምን ብዬ እንደምመልስለት ጠፋኝ።
አባቴ በጃንሆይ ጊዜ ሎተሪ ቆርጦ ዳዊቱ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ዕጣው እስኪወጣ ስንት ቀን! ቲኬቷ እዚያ ሆና እሱ ያርሳል፣ ያጭዳል።

ኅዳር 24
ጤፉ ታጭዶ ተከመረ። አጫጆቹን እኔ ከፈልኩ። ልጁ ሙሉ ቀን ነዶ ሲሸከም ዋለ፤ ስልኩ ቤት ቀርቶ ነበር። ማታ እግሩን እየታጠበ “ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ጨዋታ መሥራት ከባድ ነው?” አለኝ። ሒሳቡ አይከብድም አልኩት። በኋላ ሳስበው ጥሩ መልስ አልነበረም።

ታኅሣሥ 2
ብርዱ ብሷል። ሌሊት ከወዲያኛው ክፍል ዜማ የለም። ትቶታል ብዬ ነበር። ጠዋት ስልኩን ራሱ አምጥቶ አሳየኝ። ድምፁን ዘግቶታል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ 200 ብር ወጥቷል።