አካፍዬ ያገኘሁት ቁጥር

አክስቴ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው አሶሳ ከሰፈሩት ናቸው። ለዓመታት «ጨጓራዬ ነው» እያሉ ተልባ ሲጠጡ ኖረው፣ አዲስ አበባ በኢንዶስኮፒ ናሙና ተወስዶ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። የቀዶ ጥገና ተራ እስኪደርሳቸው ወደ አሶሳ ተመለሱ። እዚያ ሳሉ አተኮሳቸውና ደም ተመረመሩ።

የደም ሕዋስ ቆጠራውን (ሲቢሲ) ወረቀት የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ኒውትሮፊል የሚባለውን ነጭ የደም ሕዋስ ለሊምፎሳይት ማካፈል የጨጓራ ካንሰር ሕሙማንን ዕጣ እንደሚጠቁም አንብቤ ነበር። ሰውነት ውስጥ ብግነት ሲበዛ የመጀመሪያው ይጨምራል፤ ዕጢን የሚዋጋው ሁለተኛው ይመነምናል። 78ን ለ13 አካፈልኩ፤ 6 መጣ። ጥናቶቹ ከዚህ ካለፈ ዕጣው ይከፋል የሚሉትን ድንበር የሚያሰምሩት ባብዛኛው ከ2 እስከ 5 ባለው መካከል ነው። ወንድሞቼ ጋ ደወልኩና «ከእንግዲህ በመንገድ አናንገላታቸው» አልኩ። አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ሁሉም እሺ አሉኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ስለ ሕይወታቸው ስንወስን እሳቸው ጓዳ ቡና ይቆሉ ነበር።

ወረቀቱን ያየው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ትኩሳቱ ነው። ወባ ነበረባቸው። አሶሳ ተቀምጬ፣ ያውም በመስከረም፣ ወባን አላሰብኩም። ወባ ሊምፎሳይትን ያወርዳል፤ ሌሎች አንዳንድ ኢንፌክሽኖችም ኒውትሮፊልን ከፍ ያደርጋሉ። ታክመው ምርመራው ሲደገም ውጤቱ ከ3 በታች ሆነ።

ሐኪሙ ስሌቱን አላጣጣለውም። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኮው እ.ኤ.አ. በ1863 ብግነትንና ካንሰርን አያይዟል፤ የጨጓራን ግድግዳ ለዓመታት የሚያስቆጣው ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያም እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል። ግን ጥናቱ የሚናገረው ስለ ብዙ ሰዎች በአንድነት ነው፤ አብዛኛውም የተሠራው ቻይና፣ ጃፓንና ኮሪያ ነው። የብዙ ኢትዮጵያውያን ኒውትሮፊል ደግሞ በጤናቸውም ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ከሁሉ በፊት የሚታየው ዕጢው የጨጓራውን ግድግዳ ምን ያህል ዘልቆ እንደገባና ንፍፊቶቹ ጋ መድረስ አለመድረሱ ነው።

ለወንድሞቼ ያልኩትን ጭምር ለአክስቴ ነገርኳቸው። «እኔን ሳትጠይቅ?» ብለው ተቆጡ፤ መቆጣታቸውም ልክ ነበር። ከዚያ ስለ ቀዶ ጥገናው ይጠይቁኝ ጀመር፤ ከጨጓራቸው ምን ያህሉ እንደሚወጣ፣ ከዚያ በኋላ እንጀራ መብላት ይችሉ እንደሆነ። የማውቀውን መለስኩ፤ የቀረውን ሐኪሙን እንዲጠይቁበት ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው።